ጋሼ ፊሽካ የጮኸው፣ እትዬ ሰዓት የጻፈችው

እትዬ ሰዓት ዋና አትችልም። ይሄን ከወዲሁ መናገር ይሻላል፣ ኋላ ሰው እንዳይቀየም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከገንዳው ጠርዝ ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ የስንቱን ልጅ ዋና መዝግባለች፤ ውሃው ግን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያገኛት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀንም ቧንቧ ፈንድቶ ነው።

ቅጽል ስሙ የወጣላት በስቶፕዋቹ፣ ሰከንድ በምትቆጥርበት ሰዓት ምክንያት ነው። በጥቁር ገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትውላለች፣ ቤቷም ይዛው ትገባለች። ታናሽ እህቷን ካመንን እንቁላል የምትቀቅለውም በእሱ ነበር።

አሁን ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እየተነቋቆሩ አብረው ይኖራሉ። በእትዬ ሰዓት አልጋ ስር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ፣ በውስጡም ሃያ ሰባት መዝገብ። ታናሽየዋ ቤት በጠረገች ቁጥር መጥረጊያው ሳጥኑን ይመታውና ጨዋታው ይጀመራል።

«ሰው አልጋው ስር ጫማ ያስቀምጣል። አንቺ የሰው ዋና ታስቀምጫለሽ።»

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም። ያ ሁሉ ውሃ አንድ ቀን ያንጠባጥብ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ።»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለች የከተማው ዋና ገንዳ ትኬት ቆራጭ ሆና ተቀጠረች። ትምህርቷ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እጅ ጽሑፏ ግን ያምር ነበር። አሰልጣኙ ጋሼ ፊሽካ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ተምሯል፤ ሲጽፍ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ጠዋት የጻፈውን ከሰዓት በኋላ ራሱም አያነበውም። አንድ ቀን ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ መጥቶ ሽፋኑ እንደ በር የደነደነ ትልቅ መዝገብ ዱብ አደረገላት።

«ልጆቹ ምን ያህል እንደዋኙ፣ በስንት እንደገቡ በየቀኑ የሚጻፍበት ነው» አላት። «ያልተጻፈ ልምምድ እንዳልተዋኘ ይቆጠራል።»

«ትኬቱንስ ማን ይቁረጥ?»

«በጠዋት ማን ይመጣል ብለሽ ነው? ውሃውን ነክተሽዋል?»

አልነካችውም።

መዝገቡ በዓምድ በዓምድ ተሰምሯል፦ ቀን፣ ስም፣ ምልልስ፣ ሰዓት። ምልልስ ማለት ከዚህ ጫፍ ተነስቶ እዚያኛው ጫፍ ደርሶ መምጣት ነው። መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ሰፊ ዓምድ አለ። እሱ ለምን እንደሆነ ጋሼ ፊሽካ ረስቶ አልነገራትም፤ እሷም አፍራ አልጠየቀችም። ባዶ መተው ደግሞ አልሆነላትም። ስለዚህ ያየችውን ጻፈችበት።

«ማክሰኞ። ዶቃ፣ ሃያ ምልልስ። በግራ ጆሮዋ አትሰማም። ፊሽካ ሲነፋ ጎረቤቷን አይታ ነው የምትዘለው።»

«ረቡዕ። መንታዎቹ፣ አስራ ስድስት ምልልስ። ተጣልተዋል። ባንድ መስመር አንዋኝም አሉ። በምን እንደሆነ አይናገሩም።»

«ቅዳሜ። ክብሪት፣ አስር ምልልስ። ቁርስ ሳይበላ መጥቷል። የኔን ዳቦ ሰጠሁት። ደረቅ ነው አለኝ፣ ጨረሰው።»

በወሩ መጨረሻ ጋሼ ፊሽካ መዝገቡን ሲያገላብጥ ምርመራው ላይ ሲደርስ ቆመ። ይቆጣኛል ብላ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። እሱ መዝገቡን መልሶ ሰጣት። በማግስቱ ዶቃን ቀኝ ጆሮዋ ወደ ፊሽካው ወደሚሆንበት መስመር አዛወራት፤ በሳምንቱ ልጅቷ ሦስት ሰከንድ ቀነሰች። ከዚያ ወዲህ ስለ ምርመራው ያነሳም የጣለም የለም።

እነዚያ ጠዋቶች ዛሬም መዝገቦቹ ውስጥ አሉ። ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው የክሎሪን ሽታ ነው። ገጾቹ በእርጥብ እጅ ብዛት እንደ ማዕበል ተጨማደዋል። ልጆቹ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጥርሳቸው እየተፋጨ ከውሃ ይወጡና ፀሐይ የሞቀው ሲሚንቶ ላይ በሆዳቸው ይዘረጋሉ፤ ሲነሱ የየሆዳቸው ቅርጽ በእርጥበት ተስሎ ይቀራል። እትዬ ሰዓት ቅርጾቹ እስኪደርቁ ታያቸው ነበር። የቱ የማን እንደሆነ ትለይ ነበር። ማንም እንድትለይ አልጠየቃትም፤ ለደሞዝ ጭማሪም አይረዳም።

አሁን ወደ ምስጢሩ እንሂድ።

የገንዳው የግድግዳ ሰዓት እሷ ሳትቀጠር በፊት ነው የቆመው። ስለዚህ እውነተኛውን ሰዓት የሚያውቅ ያ ስቶፕዋች ብቻ ነው። ልጁ ዋኝቶ ግድግዳውን ሲነካ እሷ ትጫናለች፣ ወደ ጋሼ ፊሽካ ዘንበል ትልና በሹክሹክታ ትነግረዋለች። እሱ ቀና ብሎ ይጮኻል። የሚጮኸው ግን እሷ የነገረችውን አይደለም።

መጀመሪያ የሰማች ቀን ደንቆሮ መሰላት። «ጋሼ፣ ሰላሳ ዘጠኝ እኮ ነው ያልኩህ።»

«ሰማሁሽ። ለፈሪ ይቀነስለታል፣ ለጉረኛ ይጨመርበታል። እውነተኛውን አንቺ ጻፊው፣ አይሸሽም። መዝገቡ ያንቺ፣ ጩኸቱ የኔ።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ፣ እንደ ልጁ ጠባይ። መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፣ ልጆቹ ጩኸቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ችግር የሚመጣው በዓመት አንዴ ሌላ ከተማ ለውድድር ሲሄዱ ነው። እዚያ ያለው ሰዓት ጋሼ ፊሽካን አያውቀውም። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው አውቶብሱ ውስጥ ሲገቡ ጋሼ ፊሽካ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ ያጽናናቸዋል፦ «ምን ታደርጉታላችሁ፣ የዚያ ገንዳ ውሃ ከባድ ነው።» አመኑት። ዛሬ አርባ የሞላቸው፣ ልጅ ያሳደጉ፣ አንዱማ ፋርማሲ የከፈተ ሰዎች የሰው አገር ገንዳ ውሃ ከባድ ነው ብለው በሙሉ ልባቸው ይከራከራሉ።

ይሄ ጩኸት የጎዳው አንዱን ልጅ ብቻ ነው። ንጉሥ ይሉታል፣ ሲራመድ ምንጣፍ የተነጠፈለት ስለሚመስለው። መቶ ሜትርን በሃምሳ ስምንት ሰከንድ ገባ። እትዬ ሰዓት ሁለት ጊዜ አይታ ነገረችው፤ በዚያ ገንዳ ከደቂቃ በታች የገባ የለም። ጋሼ ፊሽካ «አንድ ከሁለት» ብሎ ጮኸ። አንድ ደቂቃ ከሁለት ሰከንድ ማለቱ ነው። ያን ዓመት ለውድድር አልሄዱም፤ ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ደቂቃ ሲያሳድድ ከረመ፤ አልፏት እንደሄደ አላወቀም። ከዚያ አንድ ቀን ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ።

«ይመለሳል» አለ ጋሼ ፊሽካ።

አልተመለሰም። ቤተሰቡም ከተማውን ለቆ ሄደ፤ አድራሻ የተወ የለም። የእሱ ገጽ ምርመራ ላይ «ልንነግረው ይገባ ነበር» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ ሰዓት በሃያ ሰባት ዓመት አስተያየት የሰጠችው እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ጋሼ ፊሽካ ከአስር ዓመት በፊት ታሞ ሊሞት ሲል ሄዳ ጠየቀችው። «መዝገቡን አደራ» አላት።

«ጩኸቱስ?»

«እሱን ይዤው እሄዳለሁ።»

ይዞትም ሄደ። በቦታው የመጣው አሰልጣኝ ግድግዳው ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቦርድ ሰቀለ። ቦርዱ አይዋሽም፤ ቁርስ በልተሃል ወይ ብሎም አይጠይቅም። መዝገብ ቀረ። እትዬ ሰዓት እስከ ጡረታዋ ትኬት ብቻ ቆረጠች፤ ስትወጣ መዝገቦቹን በጋሪ አስጭና ወደ ቤቷ ወሰደች። ከልካይ አልነበረም።

ታዲያ በአንድ እሁድ በሩ ተንኳኳ። የከተማ አውቶብስ ሹፌር ዩኒፎርም የለበሰ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የገባ ሰው ቆሟል።

«እትዬ፣ አላወቅሽኝም?»

እትዬ ሰዓት መነጽሯን አስተካከለች። «አውቄሃለሁ። ክብሪት ነህ። ያላወቅሁት የክብሪቱን ሳጥን ነው።»

ታናሽየዋ ከወጥ ቤት ስትስቅ ተሰማች። ሹፌሩም ሳቀ፣ ሆዱን እያሻሸ። ድሮ ክብሪት የተባለው ሰውነቱ ቀጥኖ ራሱ ትልቅ ስለነበር ነው። ያኔ አስራ አራት ዓመቱ፣ አሁን ሃምሳ አልፎታል። ሻይ ቀረበለት፤ እስኪቀዘቅዝ አልጠበቀም።

«መቶ ሜትሬን ታስታውሻለሽ አይደል?» አለ። «አንድ ከአራት።»

እትዬ ሰዓት ስኒዋን አስቀመጠች። ያን ቀን በደንብ ታስታውሳለች፤ ጋሼ ፊሽካ ሲጮኽ እስክሪብቶ ከእጇ የወደቀው ያኔ ብቻ ነው። ሁለት ሰከንድ አይደለም፣ ሦስት አይደለም፤ አስር ሰከንድ ሙሉ ነው የቆረጠው። ከዚያ በኋላም ክብሪትን መቶ ሜትር ለክቶት አያውቅም። «አንተ አንዴ አሳይተሃል፤ የሚቀርህ ትንፋሽ ነው» ብሎ ወደ ረጅም ርቀት አዞረው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ግን ከጭንቅላቷ ወጥቷል።

«ብዙ ሰው ነው የጻፍኩት» አለች።

«ሃያ ዓመት አውቶብስ ስነዳ ያን ሰዓት ያልነገርኩት ተሳፋሪ የለም። መውረጃቸውን ያሳለፍኳቸውም አሉ። አሁን ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጄ ትዋኛለች። ሌላ ከተማ ያለ የዋና ትምህርት ቤት፣ ማደሪያ ያለው፣ እንቀበላት አለ። አስራ ሦስት ዓመቷ ሳለ ነው መጀመሪያ የጠየቁን። ምን አልኳት፣ የኔን ሰዓት የሰበርሽ ቀን ትሄጃለሽ አልኳት።»

«አትሰብርም ብለህ?»

ሹፌሩ ኮፍያውን በእጁ አዞረው። «እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን እትዬ። እሷ ከሄደች ቤት ውስጥ የምንቀረው እኔና ፍሪጁ ነን። አሁን አስራ ስድስት ሆናለች። አንድ ከአምስት ላይ ተጣብቃ ስምንት ወር። ትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ደብዳቤ ላከ፤ የሚመጣው ሳምንት ሳይሆን የሚቀጥለው አርብ መልስ ካልሰጠን ዕድሜዋ ያልፋል። ባለፈው ምሳ ላይ ምን ትለኛለች፣ "አባዬ፣ ሰዓትህን ማን አየ?" እኔ ደግሞ ተጽፏል አልኳት። መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር አልኳት። መዝገቡን አሳይቻት አፏን ላስይዛት።»

«የሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቷል» አለች እትዬ ሰዓት።

«ያ ሳጥን ደግሞ መቼ ቁልፍ ኖሮት» አለች ታናሽየዋ ከወጥ ቤት።

«ጠፍቷል አልኩ እኮ። በሳምንቱ ና።»

እንደወጣ ሁለቱ እህትማማቾች ሳጥኑን ጎትተው አወጡ። ዓመቱን ፈልጋ፣ ገጹን ፈልጋ፣ ጣቷን በክብሪት ስም ላይ አንሸራተተች። 1፡14። ልክ ጥላዋን እንዳየች ሰው መዝገቡን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

«እንግዲህ ዋሽተሻል» አለች ታናሽየዋ።

«እኔ አልዋሸሁም። እኔ ጻፍኩ።»

«የሚዋሸው ሰውዬ አጠገብ ቁጭ ብለሽ።»

እትዬ ሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን ሰዓት በአንድ ገጽ ልትነጥቀው ነው። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ እንደ ንጉሥ ያለፈችውን ነገር ስታሳድድ ትቀራለች። ጋሼ ፊሽካ ቢኖር አንድ ነገር ይጮህ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ገንዳው ሄደች። አዲሱ ትኬት ቆራጭ አላወቃትም፤ ትኬት ገዝታ ገባች። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ትኬት ነች። ተመልካች መቀመጫው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የክብሪትን ልጅ ለማወቅ አልተቸገረችም፤ ያው ትልቅ ራስ ነው፣ ቆብ አልበቃውም። ልጅቷ ዘለለች፣ አራት ጊዜ ጫፍ ነካች፣ ቀና ብላ ቦርዱን አየች። 1፡05። ከውሃው ወጥታ፣ ፊቷን ሳትጠርግ፣ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ጻፈች።

እትዬ ሰዓት እስክሪብቶ ካየች አታልፍም። ጠጋ አለች። «ምኑን ነው የምትጽፊው ልጄ?»

«ልምምዴን ነው እማማ። ስንት ምልልስ እንደሄድኩ፣ በስንት እንደገባሁ። አባዬ ነው ያስለመደኝ። ያልተጻፈ ልምምድ እንዳልተዋኘ ይቆጠራል ይላል።»

እትዬ ሰዓት ደብተሩን አየችው። በየገጹ አናት ላይ በቀይ «አባዬ 1፡04» ተጽፏል፤ ከሥሩ የልጅቷ ሰዓቶች በሰማያዊ ተደርድረዋል። 1፡05፣ 1፡06፣ 1፡05፣ 1፡05። ገጽ ገለበጠች። ያው ነው። አንዱ ገጽ ላይ ወረቀቱ ተቀዷል፤ እስክሪብቶው ተጭኖት።

«እዚህጋ ምን ሆነሽ ነው?»

«ተናድጄ ነዋ። ሰባ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት እኮ። የአባዬ ሰዓት ዝም ብሎ ቁጭ ብሏል። እሱ አይደክመውም፣ አይታመምም።» ከዚያ ፎጣዋን ጨምቃ ሳቅ አለች። «እማማ፣ አባዬን ቢያዩት አያምኑም። ደረጃ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ነው የሚያርፈው።»

እትዬ ሰዓት በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መንገድ ላይ አንድም ሰው ሰላም አላለችም፤ ሁለት ሰው ተቀይሟታል።

እሁድ ሹፌሩ ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ገጹ ላይ ማንኪያ ተደርጎበት ይጠብቀዋል።

«ቁልፉ ተገኘ?»

«ተገኘ። ተቀመጥና አንብብ።»

አነበበ። መዝገቡን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ደግሞ አነበበ። «ይሄ የሌላ ልጅ ነው።»

«ሌላ ክብሪት አልነበረንም።»

«ጋሼ ፊሽካ አንድ ከአራት ብሎ ጮኸ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ጮኸ። እኔ የነገርኩት አንድ ከአስራ አራት ነው።» ከዚያ ሳታቋርጥ ሁሉንም ነገረችው፤ ለፈሪ መቀነሱን፣ ለጉረኛ መጨመሩን፣ ውሃውንም ጭምር። ሹፌሩ የውሃው ነገር ላይ ስትደርስ ብቻ «ከባድ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ውሃ ውሃ ነው ልጄ።»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ታናሽየዋ ሁለተኛ ሻይ አምጥታ፣ ፊቱን አይታ፣ ስኳር ጨመረችበት። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረ።

«እትዬ። ይቺ አስራ አራት ውስጥ ያለችው አንድ።»

«እ።»

«ዜሮ ብትሆን የሚጎዳው ሰው አለ? ትንሽ ሆድ ማውጣት ብቻ ነው። እኔም አወጣሁ፣ እሷም ታውጣ።»

እትዬ ሰዓት በሃያ ሰባት ዓመት አንዲት ቁጥር ፍቃ አታውቅም። ቀሚሷ ኪስ ውስጥ እጇን ከትታ እስክሪብቶ አወጣችና ፊቱ አስቀመጠችው።

«እኔ አላደርገውም። አንተ ማድረግ ከቻልክ ግን አላይህም። ልብስ ላሰጣ ነው።» ወደ ግቢ ወጣች። የሚሰጣ ልብስ አልነበራትም፤ የደረቀውን ከገመዱ ላይ አውርዳ መልሳ ሰቀለችው። ታናሽየዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት፣ ምንም አላለችም። ይሄ ብቻውን የሚመዘገብ ነገር ነው።

ስትመለስ እስክሪብቶው ካስቀመጠችው ቦታ አልተነቃነቀም። ሹፌሩ ግን ጣቱን ገጹ ዳር ላይ፣ ሰፊው ዓምድ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እጄ ነው። ምን ይላል? መነጽሬ ወጥ ቤት ነው።»

እንደ ተማሪ ቃል በቃል አነበበላት። «ሐሙስ። ክብሪት፣ መቶ ሜትር፣ አንድ ከአስራ አራት። ጋሼ አንድ ከአራት ብሎ ጮኸ። የክብሪት አባት ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ሊወስደው ነው የመጣው፣ ሥራ ሊያስገባው። ጋሼ የጮኸው ለእሱ ነው። አባትየው አጠገቡ የቆመውን ሰው፣ ጥሩ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም በጣም ጥሩ ነው አለው። ሳይጠራው ሄደ።»

እትዬ ሰዓት ወንበር ስባ ተቀመጠች። የረሳችው ይሄንን ነው።

«አባቴ ገንዳው ደጃፍ ደርሶ አያውቅም» አለ ሹፌሩ። «ግንበኛ ነበር። ሲሚንቶ ተሸካሚ ጎድሎበት፣ ከመጪው ሳምንት አብረኸኝ ትወጣለህ አለኝ። ልብሴን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ሳምንቱ መጣ፣ ምንም አላለኝም። የረሳኝ መስሎኝ ሦስት ዓመት ተደብቄ ነው የዋኘሁት። ባነሳበት ያስታውሰዋል ብዬ ስለ ዋና እቤት ውስጥ አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም።»

«እስቲ ወደ ኋላ ግለጥ። አንድ ቀን ብቻ አይመስለኝም።»

ገለጠ። ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ፦ «የክብሪት አባት አጥሩ ጋ ቆሟል። እጁ ላይ ሲሚንቶ አለ። ተቆጥቷል።» ወደ ፊት ገለጠ። ከወር በኋላ፦ «የክብሪት አባት አረንጓዴ ፎጣ ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ። ከክለቡ ነው በሉት አለ።»

ሹፌሩ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ያን ፎጣ ያውቀዋል። ክለቡ ለጎበዞች የሚሸልመው ነው ብሎ እስኪነትብ ይዞት ኖሯል፤ ለሌሎቹ ለምን እንዳልተሰጣቸውም ጠይቆ አያውቅም፤ እሱ አንድ ከአራት የገባ ሰው ነዋ።

ስልኩን አወጣ። ሁለቴ ቁጥር ተሳሳተ፤ የገዛ ልጁን ቁጥር።

«የት ነሽ?»

የልጅቷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ተሰማ፣ ከኋላው የውሃ መንቦጫረቅ። «ገንዳ ነኛ። አሁን ወጣሁ።»

«ስንት ገባሽ?»

«ያው ነዋ አባዬ። አንድ ከአምስት። ባትጠይቀኝ ምን አለበት?»

«አልፈሽኛል» አለ።

«አታሹፍ፣ ደክሞኛል።»

«መዝገቡን አየሁት። አንድ ከአስራ አራት ነበርኩ። የተጮኸልኝ ሌላ ነው፣ የዋኘሁት ሌላ። አስራ አራት ዓመት ሳይሞላሽ ነው ያለፍሽኝ።» ግንባሩን በኮፍያው ጠረገ። «አላወቅሁም ነበር። ልዋሽሽ ብዬ ያደረግሁት አይደለም። ይሄኛውን አላወቅሁም።»

የውሃው ድምፅ ብቻ ይመጣል። ሹፌሩ ስልኩ የተቋረጠ መስሎት አየው፣ መልሶ ጆሮው ላይ አደረገው።

«ታዲያ ልሂድ ማለት ነው?» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ መልሱን እንደምትፈራ።

ታናሽየዋ በወጥ ቤቱ በር ላይ ድስት ይዛ ቆማለች። እትዬ ሰዓት ሳታውቀው እጇ አንገቷ ላይ ስቶፕዋቹን ፈልጓል። ሹፌሩ መስኮቱን አየ፣ ሆዱን አየ፣ የሻይ ስኒውን ከቦታው አንስቶ እዚያው መልሶ አስቀመጠው።

«አርብ አይደል የሚያልቀው? በፖስታ ቤት አንልክም። ሐሙስ እረፍት ነኝ፤ እኔው ራሴ አደርስሻለሁ፣ ማደሪያሽንም አያለሁ።»

«አባዬ?»

«አቤት።»

«አስር ሰከንድ ሙሉ?»

«አዎ። ተሳፋሪዎቹን ምን እንደምላቸው አላውቅም። በይ ልብስሽን ቀይሪ፣ እንዳይበርድሽ» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ተነሳ፣ ኮፍያውን አደረገ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ተመለሰና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«እትዬ፣ ከፎጣው በኋላስ መጥቶ ነበር?»

«እሱን አላስታውስም። ሦስት ዓመት ነው የዋኘኸው፣ ሦስት መዝገብ ነው።» እትዬ ሰዓት ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች። «አንቺ፣ መነጽሬን አቀብዪኝ። ያንን ሳጥንም ወደዚህ ግፊው።»

ታናሽየዋ ድስቱን አስቀምጣ ሳጥኑን በእግሯ እየገፋች አመጣችው።